የተገለበጠ ማርሽ፦ ብረቱ ግማሽ ሰዓት፣ እግሩ ሦስት ሳምንት

ሰላም የሐዋሳ ሞተረኞች። ማርሽ ስለመገልበጥ የሚጠይቁ ስለበዙ፣ እስካሁን በልምምድ የተገኘውን እዚህ እናስፍር።

በተለመደው አሠራር አንደኛ ማርሽ ፔዳሉን በመርገጥ ይገባል፤ ከሁለተኛ ጀምሮ ያለው በጫማ ጫፍ ከሥር እየተነሳ ይጨመራል። ሲገለበጥ አንደኛ በማንሳት ይገባል፣ የቀረው ሁሉ በመርገጥ ይጨመራል። የእሽቅድምድም ነጂዎች የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተር ሳይክሉ ወደ ግራ በጣም ሲጋደም ፔዳሉ ወደ አስፋልቱ ስለሚጠጋ እግርን ከሥሩ ማስገባት ያስቸግራል፤ ከላይ መርገጥ ግን ይቻላል። እኛም አደባባይ ላይ የምንዞረው ወደ ግራ ነው፤ ነገር ግን በ30 ኪ.ሜ ፍጥነት የሚጋደመው ጥቂት ስለሆነ ከተማ ውስጥ ይህ ጥቅም አይታይም። አዲስ ፈጠራም አይደለም፤ የድሮው ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት ፔዳሉ በቀኝ በኩል ሆኖ አንደኛው ወደ ላይ ነበር።

ከሁሉ በፊት የፔዳላችሁን አሠራር እዩ። ፔዳሉ ከሞተሩ በሚወጣው ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ በቀጥታ ከተሰካ፣ ተረከዝና ጣት የሚረግጡት ረጅም ፔዳል ያላቸው ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፣ በቀላሉ አይገለበጥም፤ ተዉት። እነሱ ላይ ማርሽ በመርገጥ መጨመር የሚፈልግ ሰው ተረከዙን ይጠቀም፣ ያው ነው። የሚገለበጠው ፔዳሉ እግር ማሳረፊያው አጠገብ ሆኖ፣ በቀጭን ማገናኛ ብረት ከዘንጉ ላይ ካለው አጭር ክንድ ጋር የተያያዘው ዓይነት ነው። ያ ክንድ 180 ዲግሪ ይዞራል፤ ወደ ላይ የነበረው ወደ ታች ይሆናል። ማርሽ ቤቱ ውስጥ ምንም አይነካም፤ የፎሌ (ማርሽ ያልገባበት ቦታ) መብራቱም እንደወትሮው ይሠራል። በማገናኛው በሁለቱም ጫፍ፣ ማለትም በክንዱም በፔዳሉም በኩል፣ ከገለበጣችሁ ግን ተመልሶ የድሮው ይሆናል።

ሥራው ቁልፍ 10 እና ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። ክንዱ ከዘንጉ ጋር የነበረበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉ። ቡሎኑን ማላላት ብቻ አይበቃም፣ ጨርሶ ይውጣ፤ በብዙዎቹ ላይ ቡሎኑ ዘንጉ ላይ ባለ ጎድጓዳ ውስጥ ስለሚያልፍ ክንዱን ቆልፎ ይይዘዋል። ይህን ሳያውቁ በመዶሻ የሚመቱ አሉ። ምቱ በዘንጉ ወደ ውስጥ ያልፋል፤ የዘይት ጎሚኒው ይጎዳና ከሥር ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማገናኛው ብረት ላይ ነው። አንዱ ጫፍ የተለመደ ጥርስ ነው፣ ሌላው የግራ ጥርስ ነው፤ የግራው ዳዶ የሚላላው እኛ በምናጠብቅበት አቅጣጫ ነው። በጉልበት ከተጫናችሁት ጥርሱ ይበላል። ሁለቱ ዳዶዎች ከላሉ በኋላ ብረቱን በጣት ማዞር ያስረዝመዋል ወይም ያሳጥረዋል። በ6 ሚሊሜትር ጥርስ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ርዝመቱን 2 ሚሊሜትር ይለውጣል። በእያንዳንዱ ጫፍ ቢያንስ 8 ሚሊሜትር ጥርስ ውስጥ ይቅር፤ ካልደረሰ ረዘም ያለ ብረት አሠሩ እንጂ በጥቂት ጥርስ አንጠልጥላችሁ አትሂዱ።

ብረቱና ክንዱ የሚሠሩት ማዕዘን ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋ። ከዚያ ብዙ ከራቀ ፔዳሉ በአንድ በኩል ቀሎ በሌላው ይከብዳል፤ መጨመሩ እሺ ይልና መቀነሱ እምቢ ይላል። ወደ ታች የዞረው ክንድ የጎን ማቆሚያውን ወይም ሻንሲውን እንዳይነካ ማቆሚያውን አንዴ አጥፋችሁ አንዴ ዘርግታችሁ ፔዳሉን በእጅ ሞክሩ። ዘንጉ ከእያንዳንዱ ማርሽ በኋላ በስፕሪንግ ወደ መሐል መመለስ አለበት፤ የሆነ ነገር ከከለከለው ቀጣዩ ማርሽ አይገባም። ሰው ይህን ሲያይ «ማርሽ ቤቱ ተበላሸ» ብሎ ሞተር ያስፈታል፤ ችግሩ ግን ውጭ ነው ያለው።

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ፣ በመሐል ማቆሚያው አቁሙትና የኋላ ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ ማርሾቹን ቁጠሩ። ጎማው ቆሞ ከሆነ ጥርሶቹ ላይገጣጠሙ ይችላሉ። ከፎሌ አንዴ አንሱ፣ አንደኛ። ግማሽ እርግጫ፣ ፎሌ። ሙሉ እርግጫ፣ ሁለተኛ።

ሳምንት አንድ። እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ባዶና ሰፊ አስፋልት ፈልጉ፤ የሻሸመኔ መንገድ በጭራሽ አይሁን። ከ40 ኪ.ሜ በታች፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ብቻ። በዚህ ጊዜ የሚታየው ስህተት ቀላሉ ነው፦ ለመቆም ስትቃረቡ እግር በልማድ ደጋግሞ ይረግጣል፣ ማርሹ አራተኛና አምስተኛ ይደርሳል፣ ስትነሱ ሞተሩ ይጠፋል። ያናድዳል እንጂ አይጎዳም።

አደገኛው ሁለተኛው ሳምንት ነው፤ እግር የለመደ ይመስላልና ፍጥነት ይጨመራል። በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ሲጮህ የድሮው ልማድ ፔዳሉን ያነሳል፤ ሦስተኛ ይገባል የተባለው አንደኛ ይሆናል። ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ የኋላ ጎማው ይንሸራተታል፣ ሞተሩም ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፤ ቫልቭ የሚጎዳው እንዲህ ሲሆን ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ ሞተሩ ሲጮህ ከሰማችሁ እንደገና ያዙት። ማርሽ ሳይቀንሱ እግርን ከፔዳሉ ሥር ማሳረፍም ይቅር፤ እጅግ ብዙ ስህተት የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሦስተኛው ሳምንት ለፍሬን ነው። በ50 ኪ.ሜ እየሄዳችሁ በሁለቱም ፍሬን አጥብቃችሁ እየያዛችሁ ሁለት ማርሽ ቀንሱ፤ ሳታስቡ እግራችሁ የሚያነሳ እስኪሆን ድገሙት። ድንገት ልጅ ወይም ባጃጅ ሲገባባችሁ እግር የሚሠራው የለመደውን እንጂ ያወቀውን አይደለም። በሸበጥ አይሞከርም፤ በዚህ አሠራር ማርሽ የሚቀነሰው በጣት ጀርባ ነው፣ ባዶ ጣት ደግሞ ፍሬን ላይ ስትሆኑ ያዳልጣል። ጠንካራ ጫፍ ያለው ጫማ አድርጉ፣ የፔዳሉንም ከፍታ በዚያው ጫማ አስተካክሉ።

በዝናብ ወቅት ወደ ታች የዞረው ክንድ ጭቃ ይሰበስባል። የማገናኛውን መጋጠሚያዎች በየሳምንቱ አጥባችሁ ግራሶ ቀቡ፤ ፔዳሉ ጫፉ ላይ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከተወዛወዘ መጋጠሚያው አልቋል፣ ቀይሩት።

በሥራ ቀን የሌላ ሰው ሞተር ሳይክል የምትይዙ ወይም የራሳችሁን የምታውሱ ከሆነ አትገልብጡ። እግር ሁለት ልማድ አብሮ አይዝም። የገለበጣችሁ ደግሞ መሪው አጠገብ «1 ወደ ላይ» የሚል ጽሑፍ ለጥፉ፤ እጥበት ቤት ስትተዉት ፎሌ ላይ አድርጋችሁ ቁልፉን ይዛችሁ ሂዱ።