ትንሽ ቬፕ ስትገዙ ከታንኩ ጀምሩ

አጭሳችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ዝጉት። ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ውስጥ ያለው ኒኮቲን ሲጋራ ውስጥ ካለው አይለይም፤ ሱስ ያስይዛል። የምጽፈው ሲጋራውን በቬፕ ለተካ፣ አሁን ደግሞ የዕቃው ትልቅነት ላስመረረው ሰው ነው። ይህን ከመግዛቴ በፊት አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

የእኔ አሮጌ ቬፕ ሁለት ባትሪ የሚውጥ ቦክስ፣ ማለትም የባትሪ ሳጥን ያለው ነበር። ባትሪዎቹ 18650 የሚባሉት ናቸው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አላቸው። አንዱ ብቻ ወደ 45 ግራም ይመዝናል። በዚያ ላይ የብረቱ አካል፣ በዚያ ላይ ፈሳሹ የሚሞላበት የመስታወት ታንክ። ጃኬት ኪስ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ አንድ ጎን ይዘምማል። የሱሪ ኪስማ አይታሰብም። ሲሳብ የሚወጣው ጉም ደግሞ ክፍሉን ስለሚሞላው አጠገቤ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ኪስ የሚገባ፣ ሰው የማያስደነግጥ ነገር አማረኝ።

ቦክሱን መምረጥ ቀላል ነበር። ባትሪው ውስጡ የተገጠመ፣ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚደረግ፣ ቁልፉን 5 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲጫኑት የሚጠፋ፣ መዳፍ የሚበቃው። አንዱን አነሳሁ፣ አለቀ።

ጣጣው የመጣው በታንኩ ነው።

ለሻጩ «የለመድኩት አሳሳብ እንዳይቀየርብኝ፣ ግን ትንሽ ይሁን» አልኩት። ሳያቅማማ አንድ አጭር ታንክ አወጣልኝ። ኮይሉ፣ ማለትም ጥጥ የያዘውን ፈሳሽ አሙቆ የሚያተነው ሽቦ፣ 0.2 ኦም ነው። ኦም የሽቦው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮይሉ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። «ያው ነው ወንድሜ፣ ቁመቱ አጠረ እንጂ» አለኝ። እንዴት ያው ይሆናል? ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ኮይል ሲሸጥ ነው የሚውለው። የጠየቅኩት ነገር እንደማይሆን ማወቅ ነበረበት። ሳያውቅ ቀርቶም አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታንክና ቦክስ የሚገናኙት 510 በሚባለው ጥርስ ነው። 510 የሆነ ታንክ 510 በሆነ ቦክስ ላይ ይጠመዘዛል፤ ትልቅ ትንሽ አይልም። ሻጮች የሚተማመኑት በዚህ ነው። ገጠመ ማለት ግን ተስማማ ማለት አይደለም።

0.2 ኦም ኮይል በደንብ እንዲሠራ 50 እና 60 ዋት አካባቢ ይፈልጋል። የእኔ ትንሽ ቦክስ ጣሪያው 40 ዋት ነው። ባትሪው 1000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው። ይህ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 3.7 ዋት ሰዓት ይሆናል። በ40 ዋት ብትስቡት ከ6 ደቂቃ ያነሰ ንጹህ የመሳቢያ ጊዜ ነው ያላችሁ። አንዱ ስበት 3 ሰከንድ ነው ብንል ቢበዛ 110 ጊዜ ቢያስኬድ ነው። እሱም በወረቀት ላይ ነው። ባትሪው ሲዳከም ኃይሉም ስለሚወርድ በተግባር ከዚያ ያንሳል። ያንኑ ባትሪ በ12 ዋት ብትጠቀሙበት ግን ከ18 ደቂቃ በላይ ይሰጣችኋል፣ ማለትም ወደ 370 ስበት። እያንዳንዳቸው 3000 የሆኑ ሁለት ትልልቅ ባትሪዎች በ60 ዋት የሚሰጡትም ከ440 ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ትንሽ ባትሪ በራሱ ችግር የለበትም፤ ችግሩ የተሸከመው ኮይል ነው። ይህን ስሌት ሻጩ በስልኩ ካልኩሌተር በግማሽ ደቂቃ ሊያሳየኝ ይችል ነበር።

የባትሪውን ቶሎ ማለቅስ ልቻለው። ማፍሰሱ ነው ያንገሸገሸኝ።

የዚህ ዓይነቱ ኮይል ጥጡ ጋ ያሉት ቀዳዳዎች ሰፋፊ ናቸው። ብዙ ፈሳሽ ቶሎ እንዲገባ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ በ60 ዋት ብዙ ይተናልና። ኃይሉ ሲያንስ የገባው ፈሳሽ ሁሉ አይተንም። ኮይሉ ውስጥ ይጠራቀማል። ስትስቡ ጉር ጉር ይላል፣ ትኩስ ጠብታ ምላስ ላይ ይፈናጠራል። ቀጥሎ በታች ባለው የአየር ቀዳዳ ይወርዳል። ኪሴ ረጠበ። ስልኬ ተጨማለቀ። ቁልፎቼ ሁሉ ማንጎ ማንጎ ሸተቱ። ኒኮቲን በቆዳ በኩልም ስለሚገባ ይህ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በተለይ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ።

ሻጩ ጋ ተመለስኩ። መጀመሪያ «አሞላልህ ነው» አለኝ። ከዚያ «ጎሚኒውን አላጠበቅከውም» አለኝ። ሁለቱንም ፊቱ አደረግኩለት። አሁንም ፈሰሰ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ፣ «እንግዲያው ኮይሉን ቀይረው» ብሎ ለዚያው ታንክ የሚሆን 1.2 ኦም ኮይል ሸጠልኝ። ልብ በሉ፣ ሸጠልኝ ነው ያልኩት።

ማፍሰሱ ቆመ። ጥጡ ግን ተቃጠለ።

ይህ ደግሞ የፈሳሹ ጉዳይ ነው። የቬፕ ፈሳሽ በዋናነት ሁለት ነገር ነው፦ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን። ጠርሙሱ ላይ ፒጂ እና ቪጂ ተብለው ነው የሚጻፉት። ፒጂ ቀጭን ነው፣ ቪጂ ወፍራም ነው። ለትልቅ ቬፕ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ 70 በመቶ ቪጂ ነው፤ ጉሙን የሚያበዛው እሱ ነው። የ1.2 ኦም ኮይል ቀዳዳዎች ግን የመርፌ ያህል ጠባብ ናቸው። ወፍራሙ ፈሳሽ በጊዜ አይደርስም። ሁለት ሦስት ጊዜ አከታትላችሁ ስትስቡ ጥጡ ይደርቅና ይቃጠላል። ያንን ጣዕም የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጉሮሮን ቆንጥጦ ነው የሚይዘው። አንዴ የተቃጠለ ጥጥ ደግሞ አይድንም፣ ኮይሉ ይጣላል።

መመሪያውን አውጥቼ አነበብኩ። ከአንድ ወረቀት ላይ ግማሹ ማስጠንቀቂያ ነው። አትዋጡት፣ እሳት ውስጥ አትጣሉት፣ በረዶ ላይ አታስቀምጡት። የትኛው ኮይል ምን ዓይነት ፈሳሽ እንደሚፈልግ የሚል አንድ መስመር የለም። ካርቶኑ ላይ ደግሞ «አያፈስም» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ይህን ቃል ስታዩ አትመኑ። ታንክ ፈሳሹን የሚይዘው ከላይ አየር እንዳይገባ ተዘግቶ ስለሆነ ነው። ክዳኑን ለመሙላት ስትከፍቱ ያ መያዣው ይጠፋል። ሲሞቅ ወይም አውሮፕላን ሲነሳ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና ፈሳሹን ይገፋዋል። ማምለጫው በታች ከሆነ በታች ይወጣል። ይህን ካርቶን አይለውጠውም።

በመጨረሻ የተስማማኝ የአየር ቀዳዳው ከላይ የሆነ፣ ለአፍ አሳሳብ የተሠራ ታንክ ነው። አሳሳብ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ሲጋራ ጭሱን አፍ ውስጥ ይዞ ከዚያ ወደ ሳንባ መሳብ ነው። ሌላው ትንፋሽ እንደ መውሰድ በቀጥታ ወደ ሳንባ ነው። ትልልቆቹ ቬፖች የሚሠሩት ለሁለተኛው ነው። ትንሽ ዕቃ ስትፈልጉ ወደ መጀመሪያው መመለስ አለባችሁ። ምርጫ የለም። «አሳሳቤ ሳይቀየር ትንሽ ይሁንልኝ» የሚባል ነገር የለም፤ አለ የሚላችሁ ሰው ሊሸጥላችሁ ነው። እኔ ለውጡን ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል። መጀመሪያ ላይ በጠባብ ቀሰም የመሳብ ያህል አፈነኝ። አሁን የድሮውን ስሞክር የሚያስለኝ እሱ ነው።

አሁን ያለኝ ኮይል 1.0 ኦም ነው፤ በ12 ዋት ይሠራል። ፈሳሹ 50 በ50 ነው። ታንኩ 22 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከቦክሱ ጠርዝ አይተርፍም። ይህንም ሳትለኩ አትግዙ፤ 25 ሚሊ ሜትር ታንክ በጠባብ ቦክስ ላይ ሲቀመጥ ጠርዙ ወጥቶ ኪስ ይቦጭቃል።

ኒኮቲኑ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል። በትልቁ ቬፕ በሚሊ ሊትር 3 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ያለው ፈሳሽ የሚስብ ሰው በትንሹ 12 ሲባል ዓይኑ ይፈጣል። ግን አስሉት። በትልቁ በቀን 10 ሚሊ ሊትር የሚጨርስ ሰው 30 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ አትንኗል። በትንሹ 2.5 ሚሊ ሊትር በ12 የሚጨርስም ያው 30 ነው። አደጋው መቀላቀሉ ነው። የትንሹን 12 ወይም 20 ትልቁ ታንክ ውስጥ አትጨምሩ። ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል። እኔ ጠርሙሶቹን ለይቼ፣ ላያቸው ላይ በማርከር ጽፌ፣ ቁልፍ ባለው መሳቢያ ነው የማስቀምጠው።

የታንኩ መጠን ሌላው የሚያበሳጨኝ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ታንክን በ2 ሚሊ ሊትር፣ የፈሳሽ ጠርሙስን በ10 ሚሊ ሊትር፣ ኒኮቲንን በሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ገድቧል። የኒኮቲኑ ይገባኛል። የታንኩ ግን አይገባኝም። ታንክ ባነሰ ቁጥር መሙላት ይበዛል፤ መሙላት በበዛ ቁጥር እጅ ላይ የሚፈሰው ይበዛል። ይህን የጻፉ ሰዎች ታክሲ ውስጥ ቬፕ ሞልተው የሚያውቁ አይመስለኝም። አማራጭ ካገኛችሁ 3 ወይም 4 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ውሰዱ፤ በቁመት የሚጨምረው ያን ያህል አይደለም።

መመሪያው አዲስ ኮይል ሲገጠም 5 ደቂቃ ጠብቁ ይላል። አትስሙት። ጥጡ ላይ ጥቂት ጠብታ አድርጉ፣ ታንኩን ሙሉ፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ተዉት። ስትጀምሩም ከተጻፈው ዋት በታች ጀምሩና ቀስ እያላችሁ ውጡ። ኮይሉ ላይ ከ10 እስከ 15 ዋት ከተባለ እኔ በ9 ነው የምጀምረው። ስትሞሉ የአየር ቀዳዳውን ዝጉ። ቻርጀር ላይ ግን መመሪያው ልክ ነው። 5 ቮልት 1 አምፒር ካለ ያንን ተጠቀሙ፤ የስልክ ፈጣን ቻርጀር ሰክታችሁ አትተኙ። አውሮፕላን ስትሳፈሩ ቬፑ ከእናንተ ጋር ጠፍቶ በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው እንጂ ወደ ጭነት በሚላክ ሻንጣ አይደለም፤ በባትሪው ምክንያት። ታንኩን ባዶ አድርጉት።

ፖድስ የምትሉኝ አላችሁ። ፖድ ቀላል ነው፤ ኮይሉና ፈሳሹ በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ስለሆነ የሚጠመዘዝ ነገር የለም። ለሚቸኩል ሰው ጥሩ ነው። እኔ ግን አልወደድኩትም። የአንዱ ኩባንያ ፖድ ለሌላው አይገጥምም፤ ሞዴሉ ከገበያ ሲጠፋ ቬፑም ከጥቅም ውጭ ይሆናል። 510 ታንክ ግን ነገም ሌላ ቦክስ ላይ ይገጥምልኛል።

አንድ ነገር ግን ትንሽነቱ ራሱ አመጣብኝ። ትልቁን ለማውጣት ስንፍና ይይዘኝ ነበር። ከቦርሳ አውጥቼ፣ ቦታ ፈልጌ፣ ውጭ ወጥቼ ነበር የምስበው። ትንሹ ሁልጊዜ እጄ ላይ ነው። ፊልም እያየሁ፣ ስልክ እያወራሁ፣ ሳላስበው ከንፈሬ ላይ አገኘዋለሁ። የሚያልቀው ፈሳሽ ከጠበቅኩት በላይ ሆነ፤ የላይኛውን የኒኮቲን ስሌት ያበላሸብኝም ይህ ነው። ስለዚህ ቤት ስገባ አጥፍቼ ሌላ ክፍል ነው የማስቀምጠው። ኒኮቲኑንም ከ12 ወደ 6 ላወርድ ነው። በ6 የ1.0 ኮይሉ ጉሮሮ ላይ ምንም አይሰማም። ለእሱ የ0.8 ኮይል ገዝቻለሁ፤ በ15 ዋት፣ የአየር ቀዳዳውን ግማሽ ከፍቼ ልጀምረው ነው። የገዛሁት ከዚያ ሰውዬ አይደለም።