የሩደስሃይም ደብተር

የጀርመኗ የወይን ከተማ ሩደስሃይም ከፍራንክፈርት በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። መንገዱን ተኝቼ አለፍኩት። ሌሊቱን ግን ዓይኔን አልከደንኩም። ያረፍኩበት ቤት ከሀዲዱ አጠገብ ነው፤ በራይን ወንዝ ዳር የሚያልፈው የጭነት ባቡር እስኪነጋ አልጋዬን ሲያንቀጠቅጠው አደረ። ጠዋት ደግሞ ማንም ያልነገረኝ የቁርስ 14 ዩሮ ተጨመረብኝ። ተናድጄ ወጣሁ።

ዳገቱ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት መኪናቸውን አቆሙልኝ። የወይን ገበሬ ናቸው። "ባዮ" የሚባለውን፣ ያለ ፋብሪካ መድኃኒት የሚለማውን ወይን ለማየት እንደመጣሁ ስነግራቸው በቀጥታ ማሳቸው ወሰዱኝ። በሐረጎቹ መካከል ሣርና ባቄላ በቅሏል፤ ንብ ይተራመሳል። የጎረቤት ማሳ ላይ ከግንዱ ሥር ያለው ሣር በአረም መድኃኒት ቢጫ ሆኗል።

"እርስዎ ምንም አይረጩም ማለት ነው?" አልኳቸው።

"እረጫለሁ" አሉኝ። መዳብና ድኝ።

ደነገጥኩ። ባዮ ማለት ምንም ያልነካው ይመስለኝ ነበር። ዝናብ ሲበዛ ሻጋታ ቅጠሉን ይጨርሰዋል፤ የፋብሪካው መድኃኒት ደግሞ ክልክል ነው። መዳብ ግን አፈር ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ እንዳይበልጥ ገድቦታል። ከመኪናው አንድ ደብተር አውጥተው አሳዩኝ። ቀን፣ ማሳ፣ መጠን፤ እያንዳንዱ ርጭት ተጽፏል። ተቆጣጣሪው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው እሱን ነው። ወደ ባዮ ሲዞሩ 3 ዓመት ጠብቀዋል። በእነዚያ ዓመታት ልፋቱ የባዮ፣ ዋጋው የተራ ወይን ነበር።

የኅብረቱ የባዮ ሕግ እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ፍሬውን እንጂ ጠመቃውን አይነካም ነበር። አሁን ስኳር ለሌለው ነጭ የባዮ ወይን ጠጅ ሰልፋይት (ወይን ጠጁ እንዳይበላሽ የሚጨመር ከድኝ የሚሠራ ነገር) በሊትር ከ150 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ለተራው 200 ይፈቀዳል።

እኛ ዘንድ ሰው "የማን ጠጅ ነው?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ ማሩ ስንት፣ ስኳሩ ስንት አይልም። ያን መተማመን እወደዋለሁ። ግን በስኳር የተጣለ ጠጅ ስንቴ ራሴን አዙሮኛል! ደብተሩ ልቤን ነካው።

ሪስሊንግ ከሚባለው ነጭ ወይን ጠጅ ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ፤ አንዱ 9 ዩሮ። ማታ ለእናቴ ደውዬ ስለ ደብተሩ ነገርኳት።

"እኔስ ጠጅ ስጥል ማሩንና ውሃውን ከጓዳው በር ጀርባ በከሰል እጭር አልነበር? አላየህም?" አለችኝ።

አላየሁም ነበር።