ደብረ ብርሃን ላይ ለአንድ ሰው ቡና የሚያፈላ ማሽን ስሰራ ያየሁት

ደብረ ብርሃን ሆናችሁ ቡና የሚያፈላ ማሽን ልትሰሩ ካሰባችሁ፣ ከሞተሩም ከፓምፑም በፊት አንድ ቁጥር ያዙ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም። 90 ተኩል አካባቢ ላይ ነው። ይህን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ማሽኑን የሚገመግሙት ሰዎች ግን ቁጥሩን እንደማይቀበሉት አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ማሽኑ የጀበና ምትክ አይደለም። ከጎረቤት ጋር ለሚጠጣ ቡና ጀበናን የሚተካ ነገር የለም፤ ይኑርም አልልም። እኔ ያሰብኩት ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ አጠገብ ብርድ እያንቀጠቀጠው አውቶቡስ የሚጠብቀውን ሰው ነው። ብቻውን ነው፣ የሚፈልገው አንድ ሲኒ ነው። የሻይ ቤቷ ባለቤት ወይ ለአንድ ሰው ብላ ጀበና ትጥዳለች፣ ወይ የማታውን አሙቃ ትሰጠዋለች። ሁለቱም አይሆኑም። ስለዚህ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት 10 ግራም የተፈጨ ቡና ተቀብሎ፣ ጠቅጥቆ፣ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ አሳልፎ፣ አተላውን ራሱ የሚጥል ማሽን ልስራ አልኩ። ካፕሱል የሚባለውን፣ ለአንድ ሲኒ ተለክቶ የታሸገውን ቡና፣ አላሰብኩትም። በየቀኑ ከውጭ የመጣ ዕቃ የሚበላ ማሽን እዚህ አይኖርም፤ ቡናው በእጃችን እያለ ለምን?

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ቡናው የሚገባበት ክፍል የውስጥ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር የሆነ የስቴንለስ ሲሊንደር ነው። ቶርኖ ቤት አስወጣሁት። ከላይ ፒስተን ይወርዳል፣ ከታች ወንፊት ያለው ሌላ ፒስተን ይጠብቀዋል። ውሃው ካለፈ በኋላ የታችኛው ወደ ላይ ይገፋና የተጨመቀውን አተላ ያወጣል። አንድ ክንድ ጠርጎ ባልዲ ውስጥ ይጥለዋል። ፒስተኑን የሚያንቀሳቅሰው ከአሮጌ መኪና የተፈታ የመስታወት መጥረጊያ ሞተር ነው። በ12 ቮልት ይሰራል፣ ጉልበት አለው፣ ጋራዥ ከጠየቃችሁ አይጠፋም። ሞተሩ ረጅም ብሎን ያዞራል፣ ብሎኑ ላይ ያለው ዳዶ ፒስተኑን ይዞ ይወርዳል። የብሎኑ ጥርስ ትራፔዝ፣ ማለትም ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነው ዓይነት ይሁን። እንዲህ ከሆነ ሞተሩ ቢቆም እንኳ የውሃው ግፊት ፒስተኑን ወደ ኋላ አይመልሰውም። ውሃ እንዳያፈስ ፒስተኑ ላይ የሚገቡት ቀለበቶች፣ ኦሪንጎቹ፣ ለምግብ የሚሆኑ የሲሊኮን ይሁኑ። የመኪና ኦሪንግ እንዳትገጥሙ፣ ሽታው ቡናው ውስጥ ይገባል።

ግፊት ላይ ግን ቆም በሉ። የምታገኙት ጽሑፍ ሁሉ 9 ባር ይላችኋል፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። 9 ባር የኤስፕሬሶ ቁጥር ነው። እኤአ በ1961 የጣሊያኑ ፋኤማ ኩባንያ ኢ61 በተባለው ማሽኑ ላይ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከገጠመ ወዲህ ይህ ቁጥር እንደ ሕግ ተይዟል። 40 ሚሊሜትር ፒስተን ላይ 9 ባር ማለት ወደ 115 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ነው። ከአንድ ኩንታል ጤፍ በላይ ፒስተኑ ላይ ተቀምጦ ይገፋል ማለት ነው። ይህን የሚሸከም ክፈፍ፣ ብሎንና ሞተር ዋጋው ሌላ ነው። 3 ባር ሲሆን ግን ግፊቱ 38 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። 4 ሚሊሜትር ላሜራና ያ የመጥረጊያ ሞተር ይበቃሉ። መንገደኛው የሚፈልገው በሲኒ የሞላ ቡና እንጂ ጉንጭ የማይሞላ ኤስፕሬሶ አይደለም። ስለዚህ መጽሐፉ ምንም ይበል፣ 3 ባር በቂ ነው እላለሁ። በዚህ ውሳኔዬ እኮራለሁ።

አሁን ወደ ውሃው።

መጀመሪያ የሰራሁት ክፍት ታንክ ነበር። ሁለት ሊትር ይይዛል፣ ውስጡ ማሞቂያ ሽቦና የተባለው ሙቀት ሲደርስ ሽቦውን የሚያቋርጥ ቴርሞስታት አለው፣ ፓምፑ ከሥሩ ሆኖ የሞቀውን ውሃ ይስባል። ቴርሞስታቱን 88 ላይ አደረግሁት። ቡናውን ትንሽ ደቀቅ አድርጌ አስፈጨሁ። የወጣው ቡና ጥሩ ነበር። የሻይ ቤቷ ባለቤት ቀምሳ «ልጄ፣ ይሄማ ይጠጣል» አለችኝ። እሷ ቡና ላይ የማትምር ሴት ናት።

ከዚያ ለአዳዲስ የፈጠራ ሥራዎች ድጋፍ የሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገባሁ። ገምጋሚዎች መጡ። የያዙት ፎርም ላይ አንድ መስመር አለ፦ ከማሽኑ የሚወጣው ውሃ ሙቀት ከ92 እስከ 96 ዲግሪ። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የዓለም ቡና ባለሙያዎች የሚመክሩት ከ90 ጥቂት ከፍ ብሎ እስከ 96 ያለውን ነው። ግን ያን ምክር የጻፉት ሰዎች ውሃቸው 100 አካባቢ ላይ ይፈላል። አዲስ አበባ ራሷ የምታፈላው 92 ገደማ ላይ ነው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ብትወጡ ደግሞ 90 እንኳ አይሞላም። ፎርሙ ላይ ስለ ከፍታ አንዲት ቃል የለችም።

ቴርሞሜትሩን ማሽኑ አፍ ሥር ያዙት። 85 አነበበ።

«አልደረሰም» አለ አንደኛው።

«እዚህ ከተማ ክፍት ውሃ ከ90 ተኩል አያልፍም» አልኩት።

«ከውጭ የመጡት እኮ 93 ይላሉ፣ ስክሪናቸው ላይ ይታያል።»

ስክሪኑ የሚያሳየው በተዘጋው ማሞቂያ ውስጥ ያለውን ሙቀት ነው። እነሱ በዚያኛው ማሽን የስክሪኑን ቁጥር ያምናሉ፣ በእኔው ደግሞ ቴርሞሜትሩን ከውጭ አፉ ላይ ይይዛሉ። ይህን በትሕትና አስረዳሁ። ትልቁ ገምጋሚ «ልጄ፣ እኛ የምንሞላው ፎርሙ የሚለውን ነው፤ ሙቀቱን ጨምርበት» አሉኝ።

ምን እንደሚሆን ነገርኳቸው። ይሁን አሉ። ቴርሞስታቱን 93 ላይ አዞርኩት። ውሃው 90 ተኩል ላይ መንፈቅፈቅ ጀመረ። ቴርሞስታቱ 93ን ይጠብቃል፣ 93 ደግሞ አይመጣም። ስለዚህ ሽቦው አያቋርጥም። ክዳኑ በእንፋሎት ላበው፣ ውሃው እየጎደለ ሄደ። ቁልፉን ስጫን ፓምፑ ድምፁን ቀይሮ ጮኸ፣ ጠብታ ግን አልወጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፓምፕ ሲስብ የመሳቢያው በኩል ግፊቱ ይወርዳል። ሊፈላ አፋፍ ላይ ያለ ውሃ ግፊቱ ትንሽ ሲወርድበት እዚያው ፓምፑ ውስጥ እንፋሎት ይሆናል። ፓምፑ ደግሞ እንፋሎት መግፋት አይችልም። ይህን ሁሉ ቆመው አዩ። የጻፉት ግን «አስተማማኝነት ይጎድለዋል» የሚል ነው። ማሽኑ በራሳቸው ትእዛዝ ፊታቸው ላይ ተበላሽቶ፣ ጉድለቱ በእኔ ስም ተመዘገበ። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ያንኑ ታንክ ከነፓምፑ ጭኜ ጣርማ በርን አልፌ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው 96 አካባቢ ላይ ነው። አንድም ብሎን አልነካሁም። 93 ላይ ሲደርስ ቴርሞስታቱ ቀጭ ብሎ አቋረጠ፣ ፓምፑም ውሃውን ሳበ። ያው ዕቃ፣ ያው ሰሜን ሸዋ። በስልኬ ቀርጬ ወስጄ አሳየኋቸው። «ግምገማው የሚካሄደው እዚህ ነው» አሉኝ። እኔስ የምለው እሱኑ አይደል?

ክፍቱን ታንክ ጣልኩት። የአሁኑ አሠራር እንዲህ ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ፓምፑ ቀዝቃዛውን ይገፋል፣ ስለዚህ እንፋሎት አይገጥመውም። ውሃው የሚሞቀው ከፓምፑ በኋላ፣ ቴርሞብሎክ በሚባል ውስጡ ቀጭን መተላለፊያ ባለው የብረት ማሞቂያ ውስጥ ሲያልፍ ነው። በ3 ባር ግፊት የታፈነ ውሃ ደብረ ብርሃንም ላይ ቢሆን ከ130 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ስለዚህ 93 ቀላል ነው።

ግን አንድ ቦታ አለ፣ እሱን የሚጽፍላችሁ አታገኙም። ግፊቱን የሚይዘው በሞላ (በስፕሪንግ) የሚዘጋ ቫልቭ ከቡናው በኋላ ይግባ እንጂ ከቡናው በፊት አይሁን። በፊት ካደረጋችሁት ውሃው ቡናው ክፍል ሲገባ ግፊቱ ይለቀቅና እዚያው ይፈላል። ቡናው ይሰነጠቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ሹልክ ብሎ ቀጥኖ ይወጣል። ቫልቩ ከወንፊቱ ሥር ከሆነ ግን የቡናው ክፍል ራሱ ታፍኖ ይቆያል። ሞላውን ከ1 ባር በላይ ሲሆን እንዲከፍት አጥብቁት። ውሃው አየር ሲያገኝ ትንሽ ይተፋል፤ ለዚህ ማፍሰሻው ላይ ሰፋ ያለ ክዳን አድርጉ።

ሙቀት በሚለካ ቀጭን ሽቦ ቡናው ክፍል ውስጥ ለካሁ። 93። ገምጋሚዎቹ ተመልሰው መጡና ቴርሞሜትሩን እንደገና አፉ ሥር ያዙት። እዚያ በእርግጥ ከ90 በታች ነው፣ ከዚያ በላይ ሊሆንም አይችልም። በዚህ ጊዜ ክርክር አላበዛሁም። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ከቢሯቸው ተውሼ ውሃ አፈላሁ። እየተንፈቀፈቀ ሳለ የራሳቸውን ቴርሞሜትር ከተትኩበት። 90። «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» አለ አንዱ። ሌላ አመጡ። እሱም 90። ትልቁ ሰውዬ ዝም ብለው ቆዩና ፎርሙ ጥግ ላይ «ሙቀቱ የተለካው በውስጥ ነው» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ለእሳቸው ምስጋና አለኝ። ብዕሩን ለማንሳት ግን ይህ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር።

አሁን ብትጠይቁኝ የምለው ይህ ነው። ለቡናው ጣዕም ብላችሁ 93ን አታሳድዱ። ቤታችን ያለው ጀበና ሁልጊዜም ከ90 ተኩል አልፎ አያውቅም፣ ቡናውም ጥሩ ነው። እኛ ጠቆር አድርገን ለምንቆላው ቡና 88 በቂ ነው። ደቀቅ አድርጋችሁ ፍጩ፣ ውሃው ቀስ ብሎ ይለፍ። ቀለል ተደርጎ ለተቆላ ቡና ከሆነ 93 ልዩነት አለው፣ እሱን አልክድም። ዝግ አሠራሩን የመረጥኩት ለመብራቱ ስል ነው። ሁለት ሊትር ውሃ ቀኑን ሙሉ አሙቆ ማቆየት ኪስ ያራቁታል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ታንኩ እስኪሞቅ መንገደኛው አውቶቡሱ ያመልጠዋል።

መብራት ካነሳሁ፣ ጊዜ ቆጥሮ ውሃ የሚለቅ ማሽን አትስሩ። ጠዋት 10 ዲግሪ የሆነ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ 93 ለማድረስ 1,400 ዋት ማሞቂያ 37 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ይህ 220 ቮልት ሲኖር ነው። ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ ቮልቱ 180 ይወርዳል። የማሞቂያው ጉልበት ግን በዚያው ልክ አይደለም የሚወርደው፣ በቮልቱ ስኩዌር (ቮልቱ በራሱ ሲባዛ) ነው። የሚቀራችሁ 67 በመቶ ብቻ ነው፣ ጊዜውም 56 ሰከንድ ይሆናል። ሰዓት ቆጣሪ ያለው ማሽን በዚያ ሰዓት ለብ ያለ ቡና ይሰጣል። እኔ ፓምፑን በሙቀቱ አስገድጄዋለሁ። ሙቀቱ ሲወርድ ፓምፑ ይዘገያል። የውሃውን መጠን የሚቆጥረው ደግሞ ትንሽ የፍሰት ቆጣሪ ነው። ቡናው ይቆያል እንጂ አይበላሽም።

ከማሞቂያው ጋር በተከታታይ የሙቀት ፊውዝ ግጠሙ፤ ሙቀት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጥ ነው። ቴርሞስታት አለኝ ብላችሁ አትለፉት። ውሃ አልቆ ፓምፑ ባዶ ሲዞር ቴርሞብሎኩን ከመቃጠል የሚያድነው እሱ ነው። የቤታችሁን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩት። ነጭ ቅርፊት ካለው ቴርሞብሎኩም ውስጥ ይኖራል፣ መተላለፊያው ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል። በየጊዜው በሎሚ ውሃ እጠቡት።

ለግምገማ ስትጠሩ ደግሞ ማንቆርቆሪያና ቴርሞሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ማሽኑን ከማብራታችሁ በፊት ውሃ አፍሉ፣ ለኩ፣ ቁጥሩን ጽፈው እንዲፈርሙበት አድርጉ። ከዚያ በኋላ ነው ማሽኑ የሚታየው። እኔ ፎርሙ ላይ ሁለት ክፍት ቦታ እንዲጨመር በደብዳቤ ጠይቄያለሁ፦ የቦታው ከፍታ፣ ሙቀቱ የተለካበት ቦታ። መልስ አልመጣልኝም። በዚህ ዓመት የሚያመለክቱ ልጆች አሳይተውኛል፣ የተሰጣቸው ፎርም ያው የድሮው ነው።