ግራ ያጋባኝ ውጅግራ

የካቲት 23 ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ጋሼ ደወሉልኝ።

"አንተ ኮምፒውተር ትፈታለህ አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

"እንግዲያው ጠመንጃ አያቅትህም። ና።"

ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጅማ ውስጥ እሳቸውን እምቢ ብሎ በሰላም ቡና የጠጣ ዘመድ እስካሁን አላየሁም። ሄድኩ።

ጠመንጃው የቅድመ አያቴ ውጅግራ ነው። ለማያውቀው፣ ፈረንሳዮች በራሳቸው አቆጣጠር በ1874 ያወጡት፣ በንድፉ ባለቤት በካፒቴን ግራ ስም የተጠራ፣ አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ የሚተፋ መሣሪያ ነው። እነሱ "ፉዚል ግራ" ሲሉ አያቶቻችን "ውጅግራ" ብለው አሳጠሩት። በቤታችን እንደሚወራው የእኛው አድዋ ደርሶ ተመልሷል። እኔ ካወቅሁት ወዲህ ግን ኑሮው ከቁም ሳጥን ጀርባ ነው። በዓመት አንድ ቀን ጋሼ ጎፈሬያቸውን አድርገው ትከሻቸው ላይ ሲያነግቱት ፀሐይ ያያል። ፈቃዱ በስማቸው ነው፤ ጥይት የለውም፣ ቢፈለግም የሚገኝ አይመስለኝም።

"ሰደፉን ስማው" አሉና ወለሉን ነካ አደረጉበት። ቋ! እንደ ጫማ ታኮ ሰደፉ ጫፍ ላይ የምትገባው ብረት ላልታለች። "አምና ሰልፉ ላይ በየእርምጃው ቋ ቋ ስትል ልጆች ፈረስ መጣ ብለው ዘወር አሉ።"

ብረቷን የያዙት ሁለት ቪቴዎች ናቸው። አውልቄ፣ አጽድቼ፣ መልሼ ማጥበቅ ብቻ። ግማሽ ሰዓት።

የጎረቤት ዕቃ ለቃቅሜ መጣሁ፤ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ትራፓኖ፣ ሞርሳ። ልብ በሉ፣ የዕቃዎቹ ስም ሁሉ የጣሊያን ነው። ቪቴው ራሱ የጣሊያን፣ ታኮው የጣሊያን። ጠመንጃው በዚህ ወገን እጅ አልፈታም ማለቱ አሁን ሳስበው አይፈረድበትም።

የድሮ ቪቴ አናቱ ላይ ያለው መስመር ቀጭን ነው፤ የኔ ካቻቪቴ ደግሞ ወፍራም። ጫፏ ብቻ ገባች። ጫን አልኩ፣ ወደ ግራ አዞርኩ፣ አልተነቃነቀም። ሁለት እጄን አድርጌ ትንፋሼን ይዤ አዞርኩ። ዞረ! ደስ ብሎኝ "ጋሼ፣ ዞረ!" ብዬ ጮህኩ። የዞረው አናቱ ብቻ ነበር። አናቱ መዳፌ ላይ፣ ግንዱ እንጨቱ ውስጥ።

ጋሼ ከሳሎን፣ "ጎበዝ!" አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ቡና ተፈላ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ሁሉም መድኃኒት አዋቂ ሆነ። አንዷ ላምባ አፍስስበት አለች፣ አንዱ ሎሚ፣ አንዱ ለስላሳ። እኔም ማንንም ላለማስቀየም ሁሉንም በየተራ ሞከርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቤቱ የላምባ ምድጃ ላይ የተረሳ ሻይ ሸተተ። ቪቴው ግን እንደ ባለ ርስት ቁጭ ብሏል።

በማግስቱ ከጅማው መርካቶ የተሰበረ ብሎን ማውጫ ገዛሁ። ይቺ ዕቃ ጥርሷ ወደ ግራ የተጠመዘዘ፣ ጫፏ የቀጠነ ናት። የተሰበረውን መሃሉን በትራፓኖ ፑንታ በስተህ ታስገባታለህ፣ ወደ ግራ ስታዞራት ነክሳ ይዛው ትወጣለች። ሐሳቡ ግሩም ነው። በሳሁ፣ አስገባሁ፣ አዞርኩ፣ ነከሰች። ትንሽ ጨመር ሳደርግ...

ቀጭ።

ማውጫዋ ቪቴው ውስጥ ተሰብራ ቀረች። አንድ ስብራት ላወጣ ገብቼ ሁለት አደረግኩት። ከግራ የመጣ ጠመንጃ፣ ወደ ግራ የሚዞር ማውጫ፣ መሃል ላይ ግራ የገባው እኔ።

ቶርኖ ቤት መውሰድ ግድ ሆነ። ጠመንጃ ይዤ መርካቶ መግባት ግን አልፈለግሁም፤ የጋሼ ፈቃድ ለጋሼ እንጂ ለኔ አይሠራም። ስለዚህ ብረቱን ከነቃታው ፈትቼ ቤት ተውኩና እንጨቱን ብቻ በጋቢ ጠቀለልኩት። ያላሰብኩት ነገር፣ የውጅግራ እንጨት ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ አጠገብ አንድ ወጥ ነው። ጠመንጃው 1 ሜትር ከ30 ነው። በጋቢ ሲጠቀለል የሚመስለው ሌላ ነገር ሳይሆን በጋቢ የተጠቀለለ ጠመንጃ ነው። ስወጣ ደመና ነበርና በር ላይ የተንጠለጠለውን የጋሼን ረጅም ዣንጥላም ያዝኩ።

ባጃጅ አስቆምኩ። ልጁ ጋቢውን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ሙዚቃውን ዘጋ። በ31 ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "የት ላድርስዎ?" ተባልኩ። መንገድ ላይ ሌላ ሰው አልጫነም። "እንጨት ነው" አልኩት እንዲረጋጋ። "አውቃለሁ ጌታዬ፣ እንጨት ነው" አለኝ፣ ላቡን እየጠረገ። ስወርድ ሃምሳ ብር ብሰጠው ስልሳ መለሰልኝ።

የቶርኖ ቤቱ ልጅ አገላብጦ አየና ሳቀ። "ወንድሜ፣ ይሄ ውስጥ የቀረው ማውጫው ነው፤ ጠጣር ብረት ነው፣ ፑንታ አይበላውም። ሞተር ላይ ቢሆን ዳዶ በይጄበት በቺያቬ አወጣልህ ነበር። ይሄን ብበይደው ሰደፉ ይነዳል።" ከዚያ ከልቡ አዝኖ ምክር ሰጠኝ፦ "የእንጨት በሽታ ለእንጨት ሰው ነው።"

የእንጨት ሰው ጅማ ላይ አይጠፋም። በርጩማ የሚፈለፍሉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ላከኝ፤ ያንን ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የሚወጣውን። አባባ መጥረቢያቸውን አስቀምጠው ሰደፉን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና እንደ ሕፃን ሆድ ዳበሱት።

"ማነው እንዲህ ያደረገው?"

"አንድ የማውቀው ልጅ ነው አባባ።"

"ድጋሚ እንዳይነካ ንገረው።"

መጀመሪያ ያልተሰበረውን ሁለተኛውን ቪቴ ያዙ። ምስማር ከሰል ላይ አግለው አናቱ ላይ አስደገፉት፣ ቆዩ፣ እንዲቀዘቅዝ ተዉት። "ብረት እንጨት ውስጥ ሲዝግ ያብጣል። ስታሞቀው እሱም እንጨቱም ይላቀቃሉ።" ከዚያ መስመሩን በትክክል የሚሞላ ካቻቪቴ መርጠው፣ ይገርማል፣ ወደ ቀኝ አዞሩ። ነቅነቅ ሲል ወደ ግራ መለሱት። እንደ ቅቤ ወጣ። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ግራ ግራ ስል ለካ መጀመሪያ ትንሽ ቀኝ ይፈልግ ነበር።

"አሁን የተሰበረውን" አሉና ቀና ብለው አዩኝ። "ዣንጥላህን አምጣ እስኪ።"

ሰማዩን አየሁ። አይዘንብም። ለማንኛውም ብዬ ሰጠኋቸው። በሁለቱም ጫፍ አየት አየት አደረጉ፣ ዘንጉን በጣታቸው ለኩ፣ "ውስጡ ባዶ ነው፣ ጥሩ" አሉና መጋዙን አነሱ። "አባባ፣ እሱ የጋሼ..." ስል እጀታው ከነስንዝር ዘንጉ መሬት ወድቋል።

የዘንጉን ቁራጭ ጫፍ በሞረድ ጥርስ አወጡለት። ቱቦው ቪቴውን ውስጡ አስገብቶ ዙሪያውን ያለውን እንጨት ብቻ ይበላል፤ ጠጣሩን ብረት አይነካውም። በእጅ ትራፓኖ ወደ ግራ፣ በቀስታ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቱቦውን ሲስቡት ቪቴው፣ ማውጫዋ እና እንደ እርሳስ የቀጠነ እንጨት አብረው ወጡ። እኔና የተሰበረችው ማውጫዬ ተያየን።

ቀዳዳውን በወይራ ሽብልቅ በኮላ ደፈኑት። "ነገ ሲደርቅ በቀጭን ፑንታ ብሳ፣ አዲሱን ቪቴ ሳሙና ቀባውና አጥብቅ። በእጅ ብቻ።" የጠየቁኝ ገንዘብ ማውጫዋን ከገዛሁበት ያነሰ ነበር።

የካቲት 23 ጋሼ እንደ ድመት ነው የተራመዱት። ቋ የለ፣ ኳ የለ። ለሚያውቃቸው ሁሉ እያስቆሙ ሰደፉን መሬት እያስነኩ "ስማ!" ይላሉ፤ ሰውየው ምንም አይሰማም፤ "አየህ!" ይላሉ።

ማታ ቤት ገባን። ጋሼ ጎፈሬያቸውን አወለቁ፣ ውጅግራውን በጨርቅ ወለወሉ፣ ወደ ቦታው ሊመልሱት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ እጃቸውን ሰደዱ። እዚያ እንደደበቅሁት ረስቼዋለሁ። በአንድ እጃቸው እጀታ፣ በሌላው ጨርቁ ከነአጥንቱ ይዘው ወጡ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቁስለኛ ነው ጋሼ።"