መቀነቱ ሳይፈታ የተለካ ወገብ፦ የአረጋውያንን የኑሮ ደረጃና ስኳር፣ ግፊት፣ ቅባት አብረን የመዘንንበት መንገድ

ስኳርና ግፊት የሚበዛው ገንዘብ ባለው አረጋዊ ላይ ነው ወይስ በሌለው? ለንደን ላይ ጥያቄው ከተመለሰ ቆይቷል። በ1985 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና 10,308 የመንግሥት ሠራተኞችን የመዘገበው ሁለተኛው የዋይትሆል ጥናት፣ የሥራ ደረጃ ዝቅ ባለ ቁጥር ወገብ እንደሚሰፋና ሜታቦሊክ ሲንድረም (የወገብ ስፋት፣ ግፊት፣ ስኳርና ቅባት በአንድ ሰው ላይ አብረው የሚበላሹበት ሁኔታ) እንደሚበዛ አሳይቷል። አዲስ አበባ ላይ ግን ነገሩ በሁለት በኩል ይጎተታል። ያለው ሰው ሥጋው፣ ዘይቱና ለስላሳው ይበዛለታል፤ ከበሩ በመኪና ይወጣል። የሌለው በ70 ዓመቱም በእግሩ ይሄዳል፤ ግፊቱን የሚለካለት ግን የለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ብሔራዊ የስቴፕስ ዳሰሳ (ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች የሚያጋልጡ ነገሮችን የሚለካው ጥናት) የያዘው ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉትን ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ያሉት አልተቆጠሩም።

60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ቤት ለቤት ስንለካ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ የመለኪያ ስህተት በዘፈቀደ አይወድቅም። ድሃው ቤት በአንድ አቅጣጫ፣ ሀብታሙ ቤት በሌላ አቅጣጫ ያሳስታል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ስህተትን ስለማሳደድ ነው።

መስፈርታችን ዓለም አቀፍ ማኅበራት በ2009 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት ነው። ከአምስቱ ምልክቶች ሦስቱ ያሉበት ሰው ሜታቦሊክ ሲንድረም አለበት ይባላል፤ ወገቡ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ፤ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት 150 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ፤ ኤችዲኤል የሚባለው ጥሩ ቅባት ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች፤ ግፊት ከላይ 130 ወይም ከታች 85ና ከዚያ በላይ፤ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 100ና ከዚያ በላይ። የወገቡ ቁጥር ለአፍሪካ ከአውሮፓ የተዋሰ ነው። የቆየው የአሜሪካ መስፈርት ለወንድ 102፣ ለሴት 88 ይላል፤ በ80ና በ88 መካከል የሚያርፉ እናቶች ብዙ ስለሆኑ ሁለቱንም አስልቶ ጎን ለጎን ማውጣት ግድ ነው። አንዱን ብቻ ያወጣ ጥናት የሴቶችን ድርሻ እንዳሻው ከፍና ዝቅ ያደርገዋል።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ልኬቱ ቢያምርም ምልክቱ እንዳለበት ይቆጠራል። ይህችን የዘለለ መዝጋቢ ሥራውን ሁሉ ይገለብጠዋል። የግፊት መድኃኒቱን አምሎዲፒንን እየዋጡ 128/78 የሚወጣላቸው አባት "ጤነኛ" ተብለው ከተጻፉ፣ መድኃኒት መግዛት የሚችለው ሁሉ ከበሽተኞች ዝርዝር ይወጣል፤ ውጤቱም ሀብት ከግፊት ያድናል የሚል ይሆናል። "መድኃኒት ይወስዳሉ?" ሲባሉ ብዙዎች "ኧረ የለም" ይላሉ፤ መድኃኒት ማለት ለነሱ ሲታመሙ የሚዋጥ ነው። እኛ "ያለውን ፌስታል ያምጡልኝ እስቲ" እያልን ጠረጴዛው ላይ እናፈሰዋለን። የግፊቱ አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል፣ የስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ እዚያ ይገኛል። ስሙን፣ መጠኑንና መጨረሻ የተዋጠበትን ቀን ከማሸጊያው ላይ እንጽፋለን።

የቃል ጉዳይም አለ። "የደም ግፊት አለብዎት ተብለው ያውቃሉ?" ሲባሉ የለም ያሉ እናት "ደም ብዛትስ?" ሲባሉ "እሱማ ቆየብኝ" ይላሉ። ሁለቱንም ቃል በመጠይቁ ላይ አስፍሩ። ከዚያ በፊት ደግሞ "ግፊትዎ ተለክቶ ያውቃል?" ብላችሁ ጠይቁ። ተለክቶ የማያውቅን ሰው "በሽታ የለበትም" ከሚለው ሰው ጋር በአንድ ሳጥን መጨመር ከባድ በደል ነው፤ እንዲህ ሲሆን ድህነት ራሱ ጤና መስሎ ይጻፋል።

ዕድሜን በመታወቂያ አትመኑ። መታወቂያ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ለሥራ ወይም ለጡረታ ሲባል የተጻፈ ነው፤ በቃል የሚነገረውም 60፣ 65፣ 70 ላይ ይከመራል። በዘመን መጠየቅ ይሻላል። የታኅሣሥ 1953ን ግርግር ያስታውሳሉ? በ1966 አብዮት ጊዜ ትምህርት ቤት ነበሩ፣ ከብት ይጠብቁ ነበር ወይስ አግብተው ነበር? የመጀመሪያ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? ሦስቱ መልሶች ካልተስማሙ እንደገና ይጠየቃል። መረጃ ሲገባ ደግሞ የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቆጣጠር ተቀላቅሎ ሰውን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ ስለዚህ ከዓመቱ ቁጥር ጎን የዘመን አቆጣጠሩን የሚያመለክት ሳጥን አበጅተናል።

አሁን ወደ ኑሮ ደረጃ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንዲት የገቢ ጥያቄ ጠይቆ ያልፋል። ለአረጋዊ ገቢ ምን ማለት ነው? ጡረታ አለ፣ ከዐረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ልጅ የምትልከው አለ፣ የጓዳ ኪራይ አለ፣ ጉሊት አለ፤ በየወሩም ይለያያል። የትምህርት ጥያቄም ከ1940ዎቹ በፊት ለተወለዱ እናቶች ብዙም አይለይም፤ አብዛኛዎቹ አልተማሩም፤ "ማንበብ ይችላሉ" የሚባሉትም በቄስ ትምህርት ቤት፣ በመድረሳ ወይም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተማሩ ናቸው። እነዚህን ለየብቻ መዝግቡ።

እኛ ሦስት ዘመን ጠየቅን። የልጅነቱን፦ አባት ባለርስት ነበሩ ወይስ ጭሰኛ፣ ጫማ ማድረግ የጀመሩት በስንት ዓመትዎ ነው? መጀመሪያ ጫማ ያደረገበትን ዕድሜ የሚረሳ የለም። የልጅነት ምግብም በቁመት ላይ አሻራ ይተዋል፤ ነገር ግን አረጋዊ ይጎብጣል፣ ስለዚህ ጉልበቱን 90 ዲግሪ አጥፎ ከተረከዝ እስከ ጉልበት አናት የሚለካውን ቁመት ተጠቀምን። ሁለተኛ የጎልማሳነቱን፦ ረጅሙን ጊዜ የሠሩበት ሥራ፤ ለእናቶች የራሳቸውና የባላቸው ሥራ ለየብቻ። ሦስተኛ የአሁኑን፦ የቤት ንብረት።

ንብረቱ ላይ ሳይጠነቀቁ መቅዳት አይሠራም። ከገጠር ጥናት የተወሰደ ዝርዝር አዲስ አበባ ላይ ቴሌቪዥንና ሞባይል ይጠይቃል፤ ሁሉም ስላለው አይለይም። የሚለዩት፦ የመብራት ቆጣሪው የራስ ነው ወይስ የጋራ፣ መጸዳጃው ከስንት ቤት ጋር ነው፣ የውኃ ሮቶ አለ ወይ፣ ማቀዝቀዣ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ መኪና፣ ወለሉ፣ በአንድ ክፍል ስንት ሰው ያድራል፣ የቤት ሠራተኛ አለች ወይ። ከ95 በመቶ በላይ ወይም ከ5 በመቶ በታች የሆነው ቤት ያለውን ንብረት ከዝርዝሩ አወጣን፤ የቀረውን የለም ለሚለው 0፣ አለ ለሚለው 1 ብለን በዋና ክፍሎች ትንተና (ብዙ መልሶችን ወደ ጥቂት ነጥቦች በሚጨምቅ ስሌት) የመጀመሪያውን ክፍል ወሰድን፤ ከዚያ በአምስት ደረጃ ከፈልን። የቤት ባለቤትነት ብቻውን ያሳስታል። በ1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ጀምሮ በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው መሐል ፒያሳ ላይ በትንሽ ኪራይ ይቀመጣል፤ የራሱ ግቢ ያለው አባት ደግሞ መሬቱ ብዙ ብር ያወጣል፣ እጁ ላይ ግን የመድኃኒት መግዣ የለም።

አሥር ደረጃ ያለው መሰላል አሳይቶ "ከኅብረተሰቡ የት ነኝ ይላሉ?" የሚባለውንም ሞከርን። እናት መሰላሉን አየት ያደርጉና "ተመስገን ነው ልጄ" ብለው አምስተኛው ላይ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። ላይኛው ላይ ነኝ ማለት ትዕቢት፣ ታች ነኝ ማለት ማማረር ይሆንባቸዋል። በዚህ ምክንያት መልሱ መሐል ላይ ይከማቻል። ለእኛ የበለጠ የሠራው "ባለፈው ዓመት በገንዘብ ምክንያት የተውት መድኃኒት ወይም የተቀነሰ ምግብ አለ?" የሚለው ነው።

ልኬቱ ጠዋት ነው። ማታ 2 ሰዓት የመጨረሻውን እራት ይበላሉ፣ ከ12:30 እስከ 2 ሰዓት እንደርሳለን። "ቁርስ በልተዋል?" ሲባሉ አልበላሁም ይላሉ፤ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር ግን ቁርስ አይባልም፣ ቡናም እንደዚያው። ስለዚህ ጥያቄው "ከእራት በኋላ አፍዎ ላይ ምን ምን አረፈ?" ይሁን። ውኃና ጠበል ችግር የለውም። ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱትን በቅድሚያ እናያለን፤ ደም ሳይሰጡና ሳይበሉ መድኃኒቱን እንዳይወስዱ ማታውኑ በስልክ እንነግራለን። ባዶ ሆዳቸውን ወስደውት ስኳራቸው ከ70 በታች የወረደ አረጋዊ ወዲያው ስኳር ያለው መጠጥ ይሰጣቸዋል፤ ምዝገባው ይቆይ።

ወገብ የሚለካው በመጨረሻው የጎድን አጥንት ጫፍና በዳሌ አጥንት አናት መካከል፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅ ነው። እናቶች መቀነት ታጥቀዋል። መቀነቱ ከላይ ከተለካ ውፍረቱን ይጨምራል፣ ጠበቅ ካለ ደግሞ ሆዱን ይቀንሳል፤ መቀነት የሚታጠቁት በብዛት ከገጠር የመጡና ኑሯቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ስህተቱ በአንድ ወገን ይወድቃል። መቀነቱ ይፈታ። ገንዘባቸው ውስጡ ስላለ በእጃቸው ይያዙት እንጂ ሌላ ቦታ አታስቀምጡት። ለኪዋ ሴት ትሁን፣ ቀሚሱ ላይ ሳይሆን በስሱ ልብስ ላይ ይለካ።

ግፊት ላይ ያየሁት ልዩነት ከሁሉ አስገራሚ ነው። በአንዱ ቤት ጥልቅ ሶፋ፣ በሌላው በርጩማ ነው ያለው። በርጩማ ላይ ጀርባ መደገፊያ የለም፤ ክንድ ጭን ላይ ወርዶ ይቀራል፤ ክንዱ ከልብ በታች በየ10 ሴንቲሜትሩ ሲወርድ ግፊቱ 8 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ይጨምራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚታጠፍ ወንበርና ትንሽ ጠረጴዛ ይዘን ዞርን። 15 ደቂቃ ዕረፍት፣ ሦስት ልኬት በ3 ደቂቃ ልዩነት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አማካይ። ክንዱ ቀጭን ለሆነ ትንሹን ማሰሪያ፣ ወፍራም ለሆነ ትልቁን፤ ጠባብ ማሰሪያ ወፍራሙን ክንድ በሐሰት ግፊተኛ ያደርገዋል።

ስኳሩ ከደም ሥር ተቀድቶ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ሴሎቹና ፈሳሹ ያልተለያዩበት ደም ውስጥ ያለው ስኳር በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይጎድላል። 104 የነበረው በሁለት ሰዓት ወደ 92 ወርዶ ከመስፈርቱ በታች ይገባል። ከላቦራቶሪው የራቀው ሰፈር ብዙ ጊዜ ድሃው ሰፈር ነውና፣ ርቀቱ ብቻ ድሃውን ጤነኛ ያደርገዋል። ባለፍሎራይድ ቱቦም በመጀመሪያው ሰዓት ጉድለቱን አያቆመውም። በረዶ ላይ አስቀምጠን በ30 ደቂቃ ውስጥ ደሙን አሽከርክሮ በሚለይ ተንቀሳቃሽ ማሽን (ሴንትሪፉጅ) ለየን። የጣት ጫፍ መለኪያውን ለአስቸኳይ ውሳኔ ብቻ ተጠቀምነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሚኖር ሰው የቀይ ደም ሴል ድርሻ ከፍ ሲል ንባቡ ዝቅ ሊል ይችላል።

ጾምም የራሱ ሚዛን አለው። በዐቢይ ጾም ወቅት ከሥጋና ከቅቤ የራቀ ሰው ቅባቱ በፋሲካ ማግስት ካለው ይለያል። ቦሌን በኅዳር፣ አዲስ ከተማን በዐቢይ ጾም መለካት ወቅትን ከመደብ ጋር ማቀላቀል ነው። እያንዳንዱን ሳምንት ከየሰፈሩ ጥቂት ጥቂት ቤት አዳረስን። የሀብታሙን በር ዘበኛ ይዘጋል፣ የድሃውን ቤት ባለቤቷ ጉሊት ሄዳ ታገኛላችሁ፤ ለሁለቱም ሦስት ጊዜ ተመልሰናል፤ ሀብታሙን በልጆች ስልክ፣ ድሃውን በእድሩ ሰብሳቢ በኩል።

በትንተናው ምልክቱ ብዙ ሰው ላይ ሲገኝ የዕድል ንጽጽር (odds ratio) የሚባለው ስሌት ልዩነቱን አጋንኖ ያሳያል፤ የበሽተኞችን ድርሻ በቀጥታ የሚያነጻጽረው የፖይሰን ሞዴል (robust Poisson) የተሻለ ነው። በዕድሜና በጾታ የመጣው ልዩነት በስሌቱ ይስተካከል፤ አመጋገብንና እንቅስቃሴን ግን አታስተካክሉ፤ መደብ ወደ በሽታ የሚገባው በእነሱ በኩል ነውና መንገዱን ትዘጉታላችሁ። በሕይወት የተገኘውን ብቻ መለካታችሁንም ጻፉ፤ በ55 ዓመቱ በስትሮክ የሞተው ድሃ ሠንጠረዡ ውስጥ የለም።

ግፊቱ 180/110ና ከዚያ በላይ የሆነ ወይም ስኳሩ ከ126 ያለፈ ሰው የላክንበትን ወረቀት ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ በሳምንቱ ደውለን ሄዶ እንደሆነ እንጠይቃለን። ከሄዱት መካከል ደጋግሞ ያየሁት ሁለት ነገር ነው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ መኖርና አብሮ የሚሄድ ልጅ መኖር። እነዚህ ሁለቱ ከንብረት ዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም፤ ቀጣዩ መጠይቅ ላይ አስገብተናቸዋል።