በአሥር ዓመት አሥራ አምስት ዓመት ያረጀችው ሴት

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሴቶች አንድ ሆኑልኝ። አራት ወር ሙሉ በደብተሬ ውስጥ ለየብቻ ገጽ ይዘው የቆዩ ናቸው፤ ስማቸው አንድ፣ ጎጣቸው አንድ፣ ዕድሜያቸው ግን አልገጥም ያለ።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ በአየርላንድ ሮስኮመን አውራጃ የምትገኘውን ስትሮክስታውን የተባለች የገጠር ከተማ በሰነዶቿ በኩል እያጠናሁ ነው። የገባሁት ድንች በበሽታ ጠፍቶ አየርላንድን በመታው ታላቅ ረሃብ በኩል ነው። በ1847 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባለርስቱ ዴኒስ ማሆን 1,490 ጭሰኞቹን በመርከብ ወደ ካናዳ ላከ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 2 ቀን በጥይት ተገደለ። ስለ ርስቱ ወረቀቶች ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ያንገላታኝ የሕዝብ ቆጠራው ነው። የ1901 እና የ1911 ቅጾች በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። መጻፍ ለማይችል ሰው ቆጣሪው ፖሊስ ይሞላለትና እሱ የመስቀል ምልክት ያደርግበታል። የእኔ መበለትም እንዲሁ ነበረች፤ የመስቀሏ አንዱ እግር ከሌላው ረዝሞ ቀለሙ ፈሷል። በ1901 ዕድሜዋ 58፣ በ1911 ደግሞ 73።

መጀመሪያ የጸሐፊ ስህተት ነው ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ሌላ ሴት ናት አልኩ። መልሱ ግን ከቅጹ ውጭ ነበር። ከጥር 1909 ጀምሮ 70 ዓመት የሞላው ድሃ በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ ጡረታ ይከፈለው ጀመር። የሁሉም ሰው ልደት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው በ1864 ስለሆነ ግን ሽማግሌዎቹ የልደት ወረቀት አልነበራቸውም። ብዙዎች በጥር 1839 አገሩን የመታውን ታላቅ ዐውሎ ነፋስ አስታውሳለሁ እያሉ ዕድሜያቸውን ያስረዱ ነበር። አያቶቻችን «ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ» እንደሚሉት ማለት ነው።

የጡረታ ሹሞቹ የአመልካቹን ዕድሜ ለማረጋገጥ የ1841ን እና የ1851ን ቆጠራ ያስፈትሹ ነበር። የእነዚያ ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል በ1922 ደብሊን ውስጥ ተቃጥሏል፤ የማስፈተሻ ቅጾቹ ግን ተርፈዋል! የእሷንም አገኘሁት፤ የአባቷና የእናቷ ስም፣ ጎጧ፣ በ1851 ዕድሜዋ 8። ስለዚህ ትክክለኛው የ1901ዱ ነበር።

ምክሬ፦ ሌሎች ገልብጠው ያዘጋጁትን የስም ዝርዝር አትመኑ፤ የዋናውን ቅጽ ምስል ክፈቱ። እኔ ራሴ ስለሚፈጥን ብቻ ሁለት ወር በዝርዝሩ አባክኛለሁ። ሰውን በዕድሜ ማዛመድ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ ወላጆችና ጎጥ ይቅደሙ። የቤተሰብ ሐረግ በራሱ የሚያዛምደውን ፕሮግራም ፈጽሞ ትቼዋለሁ፤ አንዲቱን ሴት በስህተት ሁለት ያደረገብኝ እሱ ነው።

አንድ ነገር ይቆጨኛል። ስለ ጡረታው ሕግ እንዳነበብኩ በገጿ ኅዳግ ላይ «አጭበርባሪ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰርዤዋለሁ። 1,490ዎቹ ሲሄዱ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እሷ እዚያው ቀርታ አርጅታለች። አሁን የአባቷን ስም በጭሰኞቹ መዝገብ እየፈለግኩ ነው፤ የሁለት ጎጥ ጨርሻለሁ።