የልምድ ደብዳቤውና የስልኩ ወሬ

በመሥሪያ ቤቱ ስላየው ጥፋት ጥቆማ አቅርቦ የወጣ ሰው ስንብቱን እንደምንም ይችለዋል። የሚከብደው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ የልምድ ደብዳቤውና አዲሱ ቀጣሪ የሚደውለው ስልክ። ሁለቱን ጨፍልቆ «ስሜን አጠፉት» እያሉ መዞር ጉልበት ይጨርሳል እንጂ አንዱንም አይፈታም።

ደብዳቤው ሕግ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሦስት ነገር ነው። ጠባይ ከሦስቱ ውስጥ የለም። «በሥነ ምግባር ጉድለት የተሰናበተ» የሚል መስመር ከገባበት፣ ሦስቱን ብቻ የያዘ ሌላ እንዲጻፍ በማመልከቻ መጠየቅ ነው። ማመልከቻው ከግማሽ ገጽ አይለፍ፣ ጥቆማውንም አያንሳ፤ ካነሳ ወረቀቱ ከሰው ኃይል ወደ ሕግ ክፍል ይመራና እዚያ ይተኛል። በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፣ በሌላው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር ይመታል። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ልኮ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ መያዝ ነው። ከዚህም በኋላ ዝም ካሉ፣ እነዚህን ወረቀቶች ይዞ ወደ ክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መሄድ ይቻላል።

ብዙ ሰው ደብዳቤው የሚያዝበት ክሊራንስ ላይ ነው፤ ዕቃና ሂሳብ ማስረከቡን እያንዳንዱ ክፍል የሚፈርምበት ወረቀት። ስቶር ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል፣ አይቲ ዘንድ ሲደርስ «የላፕቶፑ ቻርጀር የለም» ይባላል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀድሞ የሚያዝ ነው፦ ዕቃው ሲመለስ ሴሪያል ቁጥሩና ተቀጥላው በዝርዝር የተጻፈበት፣ ተረካቢው በስሙ የፈረመበት ወረቀት።

ጥቆማው ስለ ደመወዝ ግብር ከነበረ ደግሞ ነገሩ ይጠላለፋል። ሁለት ፔይሮል (የደመወዝ መዝገብ) ያለው ድርጅት ለገቢዎች 6 ሺህ ብር አሳውቆ በእጅ 15 ሺህ ይከፍል ይሆናል። ብዙ የመንግሥት ማስታወቂያዎች ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ፤ ያኔ በማስረጃው ላይ የሚወጣው ትንሹ ቁጥር ነው። ጠቋሚው ያጋለጠው ጉድ የራሱን ልምድም ያሳንሰዋል። ስለዚህ ደመወዙ የገባበትን የባንክ ስቴትመንትና የጡረታ መዋጮውን መዝገብ (7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው) በጊዜ መሰብሰብ ይሻላል።

ስልኩ ሌላ ነው። ማህተም የለውም፣ «ሥራ ያውቃል፣ ግን…» ተብሎ ዝም ሲባል ያ ዝምታ ይበቃል። እዚህ ላይ ከሕጉ ይልቅ የምስክር፣ ማለትም አዲሱ ቀጣሪ ደውሎ የሚጠይቀው ሰው፣ ምርጫ ይረዳል ባይ ነኝ። አስቀድሞ ከድርጅቱ የወጣ የቅርብ አለቃ፣ የውጭ ኦዲተር ወይም ደንበኛ ከሥራ አስኪያጁ ይሻላል። ቃለ መጠይቅ ላይም ከመደወላቸው በፊት ባጭሩ ማንሳት ነው፦ «ስለ ሂሳብ አሠራር ጥቆማ አቅርቤ ስለነበር ከማኔጅመንቱ ጋር በመልካም አልተለያየንም። ሥራዬን የሚያውቁት በምስክርነት የጠቀስኳቸው ሰው ናቸው።» የገንዘብ መጠንና የሰው ስም አይነሳም፤ ዝርዝሩ በበዛ ቁጥር ቀጣሪው «ነገ እኛንም» ማለት ይጀምራል። ጓደኛን ቀጣሪ አስመስሎ አስደውሎ ምን እንደሚሉ መሰለል የተለመደ ነው፤ እኔ አልወደውም፣ ቢታወቅ ታማኝነቱን የሚያጣው ጠቋሚው ነው።

ሐሰት መነገሩ በጽሑፍ ወይም በምስክር ከተያዘ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2044 ስም ማጥፋትን ይመለከታል፤ ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለራስ የተያዘውን መረጃ ለማየትና ስህተቱን ለማሳረም መብት ሰጥቷል። የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ላይ ግን ብዙ ተስፋ አልጥልም፤ የተነደፈው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው።

የማይረሳ አንድ ነገር፦ በሥልጣኑ የሥራ መሪ የሚባል ሰው (የፋይናንስ ኃላፊም ሊሆን ይችላል) በ1156/2011 አይሸፈንም፤ ጉዳዩ በፍትሐ ብሔር ሕግ ይታያል። ሠራተኛ ለሆነው ግን በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ሕጋዊ የስንብት ምክንያት አይሆንም (አንቀጽ 26)። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ክሊራንሱ እስኪያልቅ እየጠበቁ ይህን ጊዜ ያሳለፉ ብዙ ናቸው።